ቡድን ሲሰደድ፦ በአሜሪካ ስፖርት፣ ፖለቲካና ገንዘብ እንዴት ተጋመዱ?

ከዩ ስትሪት ተነስታችሁ በጆርጂያ ጎዳና ሽቅብ ስትሄዱ፣ ብዙም ሳትርቁ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ሀበሻ ሰፈሩን ያውቀዋል። ክትፎ ቤቱም፣ ቡናውም፣ የቅዳሜ ማታ ቀጠሮውም እዚያው ዙሪያ ነው። ሆስፒታሉ ከመሠራቱ በፊት ቦታው ስታዲየም ነበር። ግሪፊዝ ስታዲየም ይባላል። ሰናተርስ የተባለው የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ተጫውቶበታል። በ1940ዎቹ ደግሞ ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለው ድንቅ የጥቁሮች ቡድን እዚያው ይጫወት ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960 የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ሰናተርስ ጓዙን ጠቅልሎ ሚኒሶታ ገባ። በምትኩ በዚያው ስም አዲስ ቡድን ተቋቋመ። እሱም አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ በ1971 ወደ ቴክሳስ ሄደ። በመጨረሻው ጨዋታ የተናደዱ ደጋፊዎች ሜዳውን ወረሩት። ቡድኑ እየመራ የነበረውን ጨዋታ በፎርፌ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ዋና ከተማ ለ33 የውድድር ዘመን ያለ ቤዝቦል ቡድን ኖረች።

ሰው ይሰደዳል። ቡድን እንዴት ይሰደዳል? የከተማው ስም ደረቱ ላይ ተጽፎ፣ አባት ለልጁ ያወረሰው ቡድን በአንድ ባለሀብት ውሳኔ እንዴት ተነስቶ ይሄዳል? አሜሪካ የመጣሁ ሰሞን ይህ ነገር በፍጹም አልገባኝም ነበር። መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ከስፖርት ይልቅ የመሬት፣ የሕግና የድምፅ ታሪክ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጉዳይ አለ፦ ከኒውዮርክ የቤዝቦል ቡድኖች አንዱ የነበረው ብሩክሊን ዶጀርስ።

በመጀመሪያ ግን ሊጉ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ።

እኛ ያደግነው በእግር ኳስ ነው። በእንግሊዝ ኳስ የተሸነፈ ይወርዳል፣ ያሸነፈ ይወጣል። የትንሽ ከተማ ክለብም ጎበዝ ከሆነ ፕሪሚየር ሊግ ይደርሳል። የአሜሪካ ትልልቅ ሊጎች እንዲህ አይደሉም። ሊጉ የባለቤቶች ማኅበር ነው። ማን እንደሚገባ የሚወስኑት ቀድመው የገቡት ናቸው። መጨረሻ የወጣ ቡድን አይወርድም። አዲስ ቡድን የሚገባው ነባሮቹ ሲፈቅዱ፣ ያውም የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ነው።

ከ1903 እስከ 1952 ድረስ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ 16 ቡድን ብቻ ነበረው። አሥራ ስድስቱም በ10 ከተሞች ውስጥ ነበሩ። ኒውዮርክ ብቻዋን ሦስት ነበራት። ከሴንት ሉዊስ በስተምዕራብ አንድም ቡድን አልነበረም። ቡድኖቹ ከከተማ ከተማ የሚሄዱት በባቡር ነበርና ካሊፎርኒያ ሩቅ ነበረች። ለአምሳ ዓመት ያህል አንድም ቡድን ከተማ አልቀየረም። ሰዉ ቡድኑን እንደ ወንዝና ተራራ የአገሩ አካል አድርጎ ማየቱ ለዚህ ነው።

ሕጉ ግን እንዲህ አላየውም። በ1922 አንድ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጥያቄው የቤዝቦል ባለቤቶች ገበያውን በሞኖፖል ይዘዋል ወይ የሚል ነበር። የአሜሪካ ፀረ ሞኖፖል ሕግ የሚሠራው በክፍለ አገሮች መካከል በሚደረግ ንግድ ላይ ነው። ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የጻፉት ውሳኔ፣ የቤዝቦል ጨዋታ አንድ ቦታ ላይ የሚታይ ትርኢት እንጂ በክፍለ አገሮች መካከል የሚደረግ ንግድ አይደለም አለ። ተጫዋቾቹ ድንበር ማቋረጣቸው እግረ መንገድ የሆነ ነገር ተደርጎ ተቆጠረ። በዚህ ምክንያት ቤዝቦል ከሕጉ ነፃ ሆነ። በ1953 ጉዳዩ እንደገና ተነሳ። በዚያን ጊዜ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ጨዋታውን አገር ለአገር ያደርሱት ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የድሮውን ውሳኔ አልነካም፤ መለወጥ ካስፈለገ ኮንግረስ ይለውጠው አለ። በ1957 ደግሞ የአሜሪካ ፉትቦል ይህ ነፃነት እንደሌለው ወሰነ። አንዱ ስፖርት ንግድ ነው፣ ሌላው አይደለም። ይህን ልዩነት የሚያስረዳ ምክንያት አንብቤ አጥግቦኝ አያውቅም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፦ ቡድን የሚፈልግ ከተማ ብዙ፣ ቡድን ጥቂት። ጥቂትነቱን የሚቆጣጠሩት ደግሞ ባለቤቶቹ ራሳቸው። የቀረው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ብሩክሊን

ዶጀርስ የሚለው ስም የመጣው ከብሩክሊን መንገዶች ነው። በድሮ ጊዜ ሰዎች በየመንገዱ የሚከንፈውን የኤሌክትሪክ ትራም እየሸሹ ይሻገሩ ነበር። ለዚህም “ትራም ሸሺዎች” ተባሉ። ቡድኑም ስሙን ከሰፈሩ ሰው ወሰደ። ከ1913 ጀምሮ የሚጫወተው ኤቤትስ ፊልድ በሚባል፣ ሠፈር መሀል በተሰነቀረ ስታዲየም ነበር። ወደ 32 ሺህ ሰው ይይዛል።

ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን በዚያ ሜዳ ላይ ወጣ። በዘመናዊው ትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። ስድቡን፣ ማስፈራሪያውን ችሎ ተጫወተ። ጥቁሩም፣ አይሁዱም፣ ጣሊያኑም፣ አየርላንዳዊውም አንድ ላይ የሚጮህበት ስታዲየም ሆነ። ቡድኑ ለፍጻሜ እየደረሰ በሌላው የኒውዮርክ ቡድን በያንኪስ ሲሸነፍ ኖሮ በመጨረሻ በ1955 ያንኪስን አሸንፎ ዋንጫ በላ። ብሩክሊን ያገኘችው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ዋንጫ ያ ነው።

ሁለት ዓመት አልፎ ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ።

ለምን? ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ቦታ እየቀየረች ነበር። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች በመንግሥት ዋስትና የቤት ብድር አገኙ። ከከተማ ወጣ ያሉ አዳዲስ መንደሮች በየቦታው ተሠሩ። እንደ ሌቪታውን ያሉት መንደሮች ለጥቁሮች ዝግ ነበሩ። ስለዚህ ብሩክሊንን ለቅቆ የወጣው በአብዛኛው ነጩ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ነበር። መኪና ገዛ። ማታ ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። ጨዋታ ልይ ካለ መኪናውን የት ያቁም? ኤቤትስ ፊልድ ዙሪያ የነበረው ፓርኪንግ ለ700 መኪና ያህል ብቻ ነበር።

የቡድኑ ዋና ባለቤት ዋልተር ኦማሊ ጠበቃ ነበሩ። ሒሳብ ያውቃሉ። በ1953 ብሬቭስ የተባለው ቡድን ከቦስተን ወደ ሚልዋኪ ሲዛወር በደንብ ተመለከቱ። ብሬቭስን ቦስተን ውስጥ በመጨረሻው ዓመት የተመለከተው 281 ሺህ ሰው ብቻ ነበር። ሚልዋኪ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሰፊ ስታዲየም ከነፓርኪንጉ ሰጠችው። በመጀመሪያው ዓመት ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ገባ። ዶጀርስ ዋንጫ በበላበት ዓመት እንኳን ያስገባው ከ1 ሚሊዮን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ልብ በሉ፣ ዶጀርስ አልከሰረም። ትርፋማ ቡድን ነበር። የኦማሊ ፍርሃት ሚልዋኪ በገቢ በልጣው ጥሩ ተጫዋቾችን ትሰበስባለች የሚል ነበር።

ኦማሊ አዲስ ስታዲየም በራሳቸው ገንዘብ ለመሥራት ፈለጉ። የመረጡት ቦታ የአትላንቲክና የፍላትቡሽ ጎዳናዎች የሚገናኙበት፣ የባቡር ጣቢያው ያለበት መሀል ብሩክሊን ነው። መሬቱ ግን የብዙ ሰው ነው። አንድ በአንድ መግዛት ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ለከተማው ጥያቄ አቀረቡ፦ መንግሥት ባለው ሥልጣን ቦታውን ይውሰድ፣ ለእኔም በተመጣጣኝ ዋጋ ይሽጥልኝ።

ይህ ሥልጣን ለእኛ እንግዳ አይደለም። “ለልማት ተነሱ” ሲባል የምናውቀው ነገር ነው። መንግሥት ካሳ ከፍሎ ቦታውን ይወስዳል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ግን ለሕዝብ ጥቅም መሆን አለበት። በ1949 የወጣው የቤቶች ሕግ ደግሞ ያረጁ ሰፈሮችን አፍርሶ ለአልሚ ለማስተላለፍ የፌዴራል ገንዘብ መደበ። ኒውዮርክ ውስጥ ይህን ገንዘብ የሚያዝዙት ሮበርት ሞዝስ ነበሩ። ሞዝስ በሕዝብ ተመርጠው አያውቁም። ነገር ግን መንገዱም፣ ድልድዩም፣ መናፈሻውም በእጃቸው ነበር።

ሞዝስ እምቢ አሉ። የግል ስታዲየም የሕዝብ ጥቅም አይደለም አሉ። በምትኩ በሌላው የኒውዮርክ ክፍል በኩዊንስ፣ ፍለሺንግ ሜዶውስ፣ ከተማው የሚሠራውን ስታዲየም ተከራይቶ መጫወት ይቻላል አሉ። ኦማሊ ደግሞ ኩዊንስ ከሆነ ብሩክሊን አይደለም፤ ከብሩክሊን ከወጣን ሩቅም ቅርብም አንድ ነው የሚል አቋም ያዙ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ብዙ ሰው ከኦማሊና ከሞዝስ አንዱን መርጦ ይወቅሳል። የሞዝስ ክርክር በሕጉ መሠረት ሲታይ ትክክል ይመስለኛል። ሕዝብ ለምን ለግል ንግድ ሲባል ከቤቱ ይነሳል? ችግሩ ሞዝስ ራሳቸው መርሁን ሁልጊዜ አለመጠበቃቸው ነው። በዚያው ሕግ ማንሃታን ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አስነስተው ኦፔራ ቤቱ ያለበትን ሊንከን ሴንተርን አሠርተዋል። የሕዝብ ጥቅም ምን እንደሆነ የሚወስነው ሥልጣኑን የያዘው ሰው ሆነ።

የመጨረሻው ጨዋታ መስከረም 24 ቀን 1957 ተደረገ። የገባው 6,702 ሰው ነበር። ኤቤትስ ፊልድ በ1960 ፈረሰ። ማፍረሻው የብረት ኳስ እንደ ቤዝቦል ኳስ ተቀብቶ ነበር። ዛሬ በቦታው ኮንዶሚኒየም የሚያስታውሱ ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች ቆመዋል። ሮቢንሰን ይህን በተጫዋችነት አላየም። በ1956 መጨረሻ ቡድኑ ለተቀናቃኙ ጃይንትስ አሳልፎ ሲሰጠው ጫማውን ሰቀለ። ጃይንትስም ራሱ በዚያው ጊዜ ኒውዮርክን ለቅቆ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። በአንድ ክረምት ኒውዮርክ ሁለት ቡድን አጣች።

የሎስ አንጀለሱ ኮረብታ

ሎስ አንጀለስ ቡድን ትፈልግ ነበር። በ1950 ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበራት። አውሮፕላን ርቀቱን አሳጥሮታል። ሮዛሊንድ ዋይማን የተባለች ወጣት በ1953 ገና በ22 ዓመቷ ለከተማው ምክር ቤት ስትመረጥ ትልቅ ቡድን እናምጣ ብላ ነው የተወዳደረችው። ለኦማሊ የቀረበው መሬት ቻቬዝ ራቪን ይባላል። ከመሀል ከተማው አጠገብ ያለ ኮረብታማ ቦታ ነው።

መሬቱ ባዶ አልነበረም። ባዶ የተደረገ ነው።

በዚያ ኮረብታ ላይ ፓሎ ቬርዴ፣ ላ ሎማና ቢሾፕ የሚባሉ ሦስት ሰፈሮች ነበሩ። ከአንድ ሺህ በላይ ቤተሰቦች ይኖሩባቸዋል። አብዛኞቹ ሜክሲኳውያን አሜሪካውያን ናቸው። ሌላ ቦታ ቤት መግዛት የማይፈቀድላቸው ስለነበሩ እዚያው ቤት ሠርተው፣ አትክልት ተክለው፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ይዘው ኖሩ። በ1950 ከከተማው የቤቶች ባለሥልጣን ደብዳቤ መጣ። ቦታው ለድሆች የሚሆን የመንግሥት መኖሪያ ቤት ይሠራበታል፤ ሽጡና ውጡ፤ ሲያልቅ ቅድሚያ ይሰጣችኋል ይላል። ዕቅዱን ያወጣው ሪቻርድ ኖይትራ የተባለው ታዋቂ አርክቴክት ነበር። አብዛኛው ሰው አምኖም፣ ተስፋ ቆርጦም ወጣ።

ከዚያ ፖለቲካው ተገለበጠ። ዘመኑ ኮሚኒስት የሚታደንበት ነው። የመንግሥት ቤት ራሱ የሶሻሊዝም ጅማሮ ተብሎ ተወገዘ። ዕቅዱን የሚመራው ፍራንክ ዊልኪንሰን በ1952 ፍርድ ቤት ቀርቦ የየትኛው ድርጅት አባል እንደሆነ ሲጠየቅ አልመልስም አለ። ከሥራ ተባረረ። በ1953 ኖሪስ ፖልሰን የመንግሥት ቤቶቹን አስቀራለሁ ብለው ለከንቲባነት ተወዳደሩና አሸነፉ። ቤቶቹ ቀሩ። ሰዉ ከወጣ በኋላ ማለት ነው። ከተማው መሬቱን ከፌዴራል መንግሥቱ ገዛው፤ ለሕዝብ ጥቅም ይውላል በሚል ግዴታ።

በጥቅምት 1957 ምክር ቤቱ ከኦማሊ ጋር ውል ተዋዋለ። ኦማሊ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የገዙትን ትንሽ ስታዲየም ለከተማው ይሰጣሉ። ከተማው ደግሞ ወደ 300 ኤከር መሬት ይሰጣቸዋል። ይህ ከ120 ሄክታር ያላነሰ ነው። ስታዲየሙን ኦማሊ በራሳቸው ወጪ ይሠራሉ። መሬቱን ለማስተካከልና መንገዱን ለማውጣት ግን ከተማውና ካውንቲው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያወጣሉ።

ተቃዋሚዎች ፊርማ ሰብስበው ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አደረሱት። ድምፅ የሚሰጠው ሰኔ 3 ቀን 1958 ነበር። ቡድኑ በዚያን ጊዜ ገብቶ ኮሊሲየም በሚባለው የከተማዋ ትልቅ ስታዲየም መጫወት ጀምሯል፤ በመክፈቻው ቀን ብቻ ከ78 ሺህ በላይ ሰው አይቶታል። ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው በቴሌቪዥን የሰዓታት የድጋፍ ዝግጅት ተላለፈ። የሆሊውድ ተዋንያን ወጡ። ከእነሱ አንዱ ሮናልድ ሬገን ነበሩ። ከ660 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ። ውሉ አለፈ። ልዩነቱ ግን 25 ሺህ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ ነበር ማለት ነው።

ግንቦት 8 ቀን 1959 ዓርብ ቀን የሸሪፍ ሰዎች የቀሩትን ጥቂት ቤተሰቦች ሊያስወጡ መጡ። የአሬቺጋ ቤተሰብ አንወጣም አለ። አንዲት የቤተሰቡን ልጅ እጅና እግሯን ይዘው ተሸክመው አወጧት። ካሜራዎች ይቀርጹ ነበር። ወዲያው ቡልዶዘር ቤቱን አፈረሰው። ቤተሰቡ ፍርስራሹ አጠገብ ድንኳን ተክሎ ቆየ። ጋዜጦች ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ቤቶች እንዳሉት ሲያወጡ የሕዝቡ ርኅራኄ ቀዘቀዘ። እኔ ግን ሌላ ቤት መኖሩ ነገሩን የሚቀይረው አይመስለኝም። ለድሃ መኖሪያ ተብሎ የተወሰደ መሬት ለስታዲየም ዋለ። ይህ ቃል ማጠፍ ነው፤ ቃሉ ደግሞ የታጠፈው ለሁሉም ነዋሪዎች ነው።

ዶጀር ስታዲየም ሚያዝያ 10 ቀን 1962 ተከፈተ። 56 ሺህ ሰው ይይዛል። ውብ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። በዚያ ዓመት ብቻ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሰው ገባ። ብዙ ሜክሲኳውያን ግን ለዓመታት እግራችን አይረግጠውም አሉ። በ1981 ፈርናንዶ ቫለንዙዌላ የተባለ የ20 ዓመት ሜክሲኳዊ ኳስ ወርዋሪ ሲነሳ ነው ብዙዎቹ ልባቸው የራራው።

ጨረታው

ከዚህ በኋላ ማንም ባለቤት የሚያውቀው ነገር አንድ ነው። ዶጀርስን የመሰለ ቡድን፣ ብሩክሊንን የመሰለ ሰፈር ለቅቆ መሄድ ከቻለ ማንም መሄድ ይችላል። ስለዚህ “ስታዲየም ካልሠራችሁልኝ እሄዳለሁ” የሚለው ቃል ክብደት አገኘ።

ሚልዋኪን ተመልከቱ። ብሬቭስን ከቦስተን የወሰደችው በስታዲየም አማልላ ነው። ከ13 የውድድር ዘመን በኋላ አትላንታ የበለጠ አቀረበችና ብሬቭስ ሄደ። የዊስኮንሲን ክፍለ አገር ከሰሰ፤ ቤዝቦል በሕግ ነፃ ስለሆነ ተረታ። ከዚያ ባድ ሲሊግ የተባሉ የሚልዋኪ መኪና ነጋዴ በ1970 የሲያትልን ቡድን ገዝተው አመጡ። የተነጠቀችው ከተማ ነጠቀች። በፉትቦልም እንዲሁ ነው። በመጋቢት 1984 የሜሪላንድ ምክር ቤት ኮልትስ የተባለውን የባልቲሞር ቡድን በሕግ ለመውረስ መዘጋጀቱን ባለቤቱ ሰሙ። በዚያው ሌሊት የጭነት መኪናዎች መጥተው የቡድኑን ዕቃ በሙሉ ጭነው ኢንዲያናፖሊስ ወሰዱት። ባልቲሞር ያን ያህል አልቅሳ፣ በ1996 የክሊቭላንድን ቡድን ወሰደች።

ፖለቲከኞችም ከዚህ የራሳቸውን ያገኛሉ። በ1961 ኮንግረስ የፉትቦል ቡድኖች የቴሌቪዥን መብታቸውን አንድ ላይ እንዲሸጡ ፈቀደ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፈረሙበት። የሊጉ ኃላፊ ፒት ሮዜል ወዲያው ሲቢኤስ ከተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር በዓመት 4.65 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋሉ፤ ገንዘቡም ለ14ቱ ቡድኖች እኩል ተከፈለ። በ1966 ሁለቱ የፉትቦል ሊጎች ለመዋሃድ እንደገና የኮንግረስ ፈቃድ ፈለጉ። የሉዊዚያና ተወካዮች ሄል ቦግስና ራስል ሎንግ ረዷቸው። ሕጉ በጥቅምት አለፈ። ኅዳር 1 ቀን ኒው ኦርሊንስ አዲስ ቡድን ማግኘቷ ታወጀ።

ግን ይህ ጉልበት አንዳንድ ጊዜ ለደግ ነገርም ውሏል። የዋሽንግተን የፉትቦል ቡድን ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ጥቁር ተጫዋች አላስገባም ብለው የቀሩ የመጨረሻው ሰው ነበሩ። በ1961 አዲሱ የዲሲ ስታዲየም ሲከፈት መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነበር። የኬኔዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል ጥቁሮችን የማይቀጥር በዚህ መሬት ላይ አይጫወትም አሉ። በ1962 ቦቢ ሚቸል ሜዳ ገባ። ስታዲየሙን የሰጠው ሕዝብ ሁኔታ ማስቀመጥ እንደሚችል ያየንበት ጊዜ ነው። ለምን ብዙ ጊዜ እንደማይደረግ ይገርመኛል።

የተጫዋቹ ነገርም መረሳት የለበትም። ባለቤቱ ከተማ ይመርጣል፤ ተጫዋቹ ግን ውሉ ቢያልቅም ለሌላ ቡድን መፈረም አይችልም ነበር። በ1969 የሴንት ሉዊስ የቤዝቦል ቡድን ከርት ፍለድ የተባለውን ተጫዋቹን ወደ ፊላደልፊያ ሲልከው እምቢ አለ። እንደ ዕቃ የምሸጥ የምለወጥ ሰው አይደለሁም አለ። ከሰሰ። ጃኪ ሮቢንሰን ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረለት። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 3 ፈረደበት፤ ያው የ1922ቱ ውሳኔ። የፍለድ የተጫዋችነት ዘመን ከዚያ በፊት በ1971 አብቅቶ ነበር። በሩ የተከፈተው በ1975 በግልግል ዳኝነት ነው፤ የተጠቀሙበትም ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

አሁን ገንዘቡን እንመልከት። ከተማ ስታዲየም ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ቦንድ ይሸጣል። ቦንድ ምን እንደሆነ ሀበሻ አይጠፋውም፤ ለህዳሴ ግድብ ያልገዛ ጥቂት ነው። የአሜሪካ ከተሞች ቦንድ ልዩ የሚሆነው ወለዱ ከፌዴራል ግብር ነፃ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ገዢው በአነስተኛ ወለድ ያበድራል። ፌዴራል መንግሥቱ ያጣውን ግብር ግን በሌላ ክፍለ አገር ያለው ሰው ጭምር ይሸፍናል። በሌላ አነጋገር፣ ጨዋታውን የማያየው የአይዳሆ ገበሬም ድርሻ አለው።

ኮንግረስ በ1986 ይህን ለማቆም ሞከረ። ከዕዳው ከ10 በመቶ በላይ የሚከፈለው ስታዲየሙ ከሚያስገባው ገቢ ከሆነ ቦንዱ ከግብር ነፃ አይሆንም አለ። ያልታሰበ ነገር ተፈጠረ። ከተሞች ነፃነቱን ላለማጣት ዕዳውን ከስታዲየሙ ኪራይ ሳይሆን ከጠቅላላ ግብር መክፈል ጀመሩ። ከሆቴል፣ ከመኪና ኪራይ፣ ከሽያጭ ታክስ። ባለቤቱ እንዲያውም ቀለለው።

ስታዲየም ሥራ ይፈጥራል፣ ሰፈር ያሳድጋል ይባላል። ጉዳዩን ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ግን ከስንት አንዴ የሚስማሙበት ነገር ይህ ነው፦ ከተማው ያወጣውን አይመልስም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ቤተሰብ ለጨዋታ 200 ዶላር ካወጣ፣ ያ ገንዘብ ሰፈሩ ምግብ ቤት ወይም ሲኒማ ሊያወጣው የነበረ ነው። ገንዘቡ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈጠረም። ስታዲየሙ ደግሞ በዓመት ብዙውን ቀን ተዘግቶ ነው የሚውለው።

ዲሲ በ2005 ከሞንትሪያል ቡድን ስታገኝ ናሽናልስ ፓርክን ለመሥራት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ አወጣች። ዓመታዊ ሽያጩ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ድርጅት ሁሉ የስታዲየም ክፍያ ተጣለበት። በ2024 ደግሞ የቅርጫት ኳሱና የሆኪው ባለቤት ወደ ቨርጂኒያ ልሄድ ነው ሲሉ ከተማዋ 515 ሚሊዮን ዶላር አቅርባ አስቀረቻቸው። ይህን ስል ቡድን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እኔም ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ፣ ደስታቸውን አይቻለሁ። ግን ስለ ዋጋው የሚወሰንበት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። ታክሲ ነጂው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ትንሽ ሱቅ ያለው ወገናችን ግብር ከፋይ ነው። ሄዶ መናገር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ውጪ የሆነ አንድ ቡድን አለ። ግሪን ቤይ ወደ 100 ሺህ ሰው ያላት ትንሽ የዊስኮንሲን ከተማ ናት። የፉትቦል ቡድኗ ፓከርስ ከ1923 ጀምሮ የአክሲዮን ባለቤቶቹ ብዙ ተራ ሰዎች ናቸው። ትርፍ አይከፈላቸውም፤ ቡድኑን ሸጦ መውሰድም የሚችል የለም። ከዚያ የእኩል ክፍፍል የቴሌቪዥን ገንዘብ ጋር ተደምሮ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። የሊጉ ደንብ ግን ሌላ ቡድን በዚህ ዓይነት እንዲያዝ አይፈቅድም።

ብሩክሊንስ? በ2000ዎቹ አንድ አልሚ በአትላንቲክና በፍላትቡሽ ጎዳናዎች መገናኛ ለአንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን አዳራሽ ልሥራ አለ። ኦማሊ ከጠየቁት ቦታ መንገድ ተሻግሮ ነው። ነዋሪዎች አንወጣም ብለው ተከራከሩ። በ2009 የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክፍለ አገሩ መሬቱን መውሰድ ይችላል ብሎ ወሰነ። ባርክሌይስ ሴንተር በ2012 ተከፈተ። የሚጫወትበት ቡድን ኔትስ ነው። የመጣው ከኒው ጀርሲ ነው።